የዥጉርጉር ድመቶችን የጸጉር ቀለምና ነጥብ ከልደት እስከ ጉልምስና የመከታተያ መመሪያ

የዘር ሐረጉ የተመዘገበ ዥጉርጉር ድመት የሚያረባ ሰውም ሆነ አንድ ግልገል መርጦ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ውሳኔውን የሚወስነው ግልገሉ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ሲሞላው ነው። በዚህ ዕድሜ ግልገሉ መጫወት ያበዛል፣ ጠንካራ ምግብ መብላት ጀምሯል፣ ጠባዩም በመጠኑ ይታወቃል፤ ጸጉሩን ለመመዘን ግን ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። በተለይ በቤንጋል ዝርያ፣ በሁለት ሳምንቱ ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ነጥብ በዚህ ጊዜ በግራጫ ረጃጅም ጸጉር ተሸፍኖ ይደበዝዛል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ያው ግልገል ሌላ ድመት እስኪመስል ድረስ ደምቆ ይወጣል። ይህን ሂደት የማያውቅ ሰው ወይ ጥሩውን ግልገል ይተዋል፣ ወይ ፈጽሞ የማይሻሻለውን «ሲያድግ ይስተካከላል» ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በልደት ጊዜ ተወስኖ ያለቀው ምን እንደሆነና ገና የሚለወጠው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቦታው በማህፀን ይወሰናል

በአንድ ዥጉርጉር ድመት ላይ የምናየው መልክ የሁለት ጥያቄዎች መልስ ነው። አንደኛው ጥያቄ ጨለም ያለው ምልክት በቆዳው ላይ የት የት ይቀመጣል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያ ምልክትና በዙሪያው ባለው መደብ ላይ የሚበቅለው ጸጉር ምን ቀለም ይይዛል የሚል ነው። ስለ ግልገሎች ጸጉር የሚነሡ ክርክሮች አብዛኞቹ የሚመጡት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ካለመለየት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚመለሰው ግልገሉ ገና ጽንስ ሳለ ነው። የድመት እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ የጸጉር ሥሮች ገና ሳይበቅሉ፣ የጽንሱ ቆዳ ወፈር ባሉና ሳሳ ባሉ ስፍራዎች ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ የዘረ መል ጥናት ዲኬኬ 4 የተባለው ጂን በጽንሱ ቆዳ ላይ የሚሠራባቸው ስፍራዎች ወደፊት ጥቁር ጸጉር የሚያበቅሉት ስፍራዎች መሆናቸውን አሳይቷል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ ደግሞ ከዚህ ብዙ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ አንዱ ቀስቃሽ ሌላው አጋች የሆኑ ሁለት ንጥረ ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ በተለያየ ፍጥነት ሲሰራጩ ማንም ሳይነድፋቸው ነጥብና መስመር ሊፈጠር እንደሚችል በሒሳብ አስረድቶ ነበር። በድመት ጽንስ ቆዳ ላይ የተገኘው አሠራርም ከዚህ አሳብ ጋር የሚስማማ ነው።

ምልክቱ ቀጭን መስመር ወይም ሰፊ ጥምዝ እንዲሆን የሚያደርገው ታክፔፕ የተባለው ጂን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እንደታወቀው፣ ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች ቢያንስ አንዱ ደኅና ከሆነ በድመቱ ጎን ላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ቅጂዎች ከተጓደሉ ግን መስመሮቹ ሰፍተውና ተጠማዝዘው ትልልቅ ጥምዞችን ይሠራሉ። በአቦሸማኔም ላይ በዚሁ ጂን ውስጥ የደረሰ ለውጥ ንጉሣዊ አቦሸማኔ የሚባለውን፣ ነጥቦቹ ተዋሕደው ወፍራም መስመር የሆኑለትን እንስሳ አስገኝቷል። የነጥብን ነገር ከዚህ የሚለየው አንድ ብቻውን የሚወስን «የነጥብ ጂን» ያለመሆኑ ነው፤ ነጥብ የሚገኘው በርካታ አጋዥ ጂኖች ተባብረው መስመሩን ሲቆራርጡት ነው። በዚህ ምክንያት እጅግ በሚያምር ዥጉርጉር ድመት ላይ እንኳ በእግሮች፣ በአንገት፣ በጅራትና በግንባር ላይ ያልተቆረጡ መስመሮች ይታያሉ። ይህ የዝርያው ባሕርይ እንጂ ጉድለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ለአርቢው የሚጠቅመው ተግባራዊ መደምደሚያ ቀጥተኛ ነው። ነጥብ ባልተነደፈበት ቆዳ ላይ በኋላ ነጥብ አይበቅልም። ግልገሉ ሲያድግ ቆዳው ስለሚለጠጥ ነጥቦቹ ይተልቃሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይራራቃሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይጨምርም። በአንድ ሳምንት ዕድሜው በጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የተያያዘ ወፍራም መስመር ያለው ግልገል ሲያድግ መስመሩ ወደ ተነጣጠሉ ነጥቦች ይለወጥልኛል ብሎ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው። በተቃራኒው፣ በተወለደ ጊዜ በግልጽ የታየ ነጥብ በሰባተኛው ሳምንት ቢደበዝዝ ተሸፈነ እንጂ አልጠፋም።

ቀለሙን ከጸጉሩ ላይ ማንበብ

ቀለሙን ለመረዳት የግልገሉን ጸጉር በጣት ከፍሎ፣ አንድ አንዱን ጸጉር ከሥር እስከ ጫፍ በቀን ብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። የጸጉር ቀለም የሚሠራው ከሁለት ዓይነት ሜላኒን ነው፤ አንዱ ጥቁርና ቡናማ ይሰጣል፣ ሌላው ቢጫና ቀይማ። አጉቲ የተባለው ጂን በሚሠራበት ጊዜ የጸጉሩ ሥር ጥቁሩን ሠርቶ ለጥቂት ጊዜ ወደ ቢጫው ይዞራል፣ እንደገናም ወደ ጥቁሩ ይመለሳል፤ ከዚህም የተነሣ በአንድ ጸጉር ላይ የተፈራረቁ ቀለበቶች ይታያሉ። በመደቡ ላይ ቢጫው ቀለበት ሰፊ ስለሚሆን መደቡ ብሩህ ሆኖ ይታያል፤ በነጥቡ ላይ ግን ጥቁሩ ያይላል። በኦሲካት ዝርያ መመዘኛ ከጅራቱ ጫፍ በቀር የድመቱ ጸጉር በሙሉ ቀለበት ያለው መሆን እንዳለበት ተጽፏል፤ በምልክቶቹ ውስጥ ያለው ጸጉር ጫፉ ጠቆር ይላል፣ በመደቡ ላይ ያለው ደግሞ ጫፉ ፈዘዝ ይላል። ስለዚህ የአንድን ኦሲካት ትክክለኛ ቀለም ማወቅ ሲፈልጉ ከጎኑ ይልቅ የጅራቱን ጫፍ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ሳይደባለቅ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

ጥቁሩ ሜላኒን ራሱ በሌሎች ጂኖች ይለወጣል። አንደኛው ጂን ሙሉ በሆነ ጊዜ ጥቁር፣ ሲዳከም ቸኮሌት፣ ይበልጥ ሲዳከም ቀረፋማ ቀለም ይሰጣል። ሌላው ጂን የቀለሙን ቅንጣቶች በጸጉሩ ውስጥ አጓጉሎ በማከማቸት ያፈዝዛል፤ በዚህም ጥቁሩ አርቢዎች ሰማያዊ ወደሚሉት ግራጫ፣ ቸኮሌቱ ወደ ላቬንደር፣ ቀረፋማው ደግሞ ፎን ወደሚባለው ፈዛዛ ቢጫማ ቡናማ ይለወጣሉ። ሦስተኛው ብርማ የሚባለውን የሚያመጣው ጂን ሲሆን፣ ሥራው ቢጫውን ሜላኒን ማገድ ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ ጥቁር እንደሆነ ሆኖ መደቡ ነጭ ይሆናል። በኦሲካት ተቀባይነት ያገኙት ቀለሞች 12 የሆኑትም በዚሁ ስሌት ነው፦ ሦስት መሠረታዊ ቀለሞች፣ እያንዳንዳቸው ደማቅና ፈዛዛ ሆነው ስድስት፣ ስድስቱም ብርማና ብርማ ያልሆኑ ሆነው 12። ይህን ስሌት በቃል የያዘ ሰው ማንኛውንም ኦሲካት ሲያይ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ ቀለሙን መሰየም ይችላል።

ገና በተወለደ ግልገል ላይ ጸጉሩ ሊያሳስት ስለሚችል የመዳፉን ሥጋና የአፍንጫውን ቆዳ አብረው ይመልከቱ። ጥቁር መሠረት ያለው ግልገል መዳፉ ቶሎ ይጠቁራል፤ የቀረፋማው ግን ሮዝ ሆኖ ይቆያል፣ የቸኮሌቱም ወደ ሮዝነት ያደላ ቡናማ ነው። በቸኮሌትና በቀረፋማ መካከል የሚደረገው ምርጫ ከሁሉ አስቸጋሪው ነው፤ ጥርጣሬ ካለ የምዝገባ ወረቀቱን ከመሙላት በፊት ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና የዘረ መል ምርመራ ማስደረግ ይሻላል።

ከሳምንት ወደ ሳምንት ምን ይጠበቃል

ከልደት እስከ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ እውነተኛውን ንድፍ ለማየት ከሁሉ የተመቸ ነው። ጸጉሩ አጭርና ተኝቶ ያለ ስለሆነ የነጥቡ ቦታና ቅርጽ በግልጽ ይነበባል፤ መደቡ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨለም ይላል። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የምልክቱን ቦታ ይመዝኑ፣ በመደቡና በነጥቡ መካከል ስላለው የቀለም ልዩነት ግን አይፍረዱ። ወደ ፊት ሮዜት (ጠርዙ ጥቁር፣ መካከሉ ፈዘዝ ያለ ምልክት) የሚሆነው ነጥብ አንዳንድ ጊዜ ከዚሁ ጀምሮ ምልክት ይሰጣል፤ በመካከሉ ቀላ ያለ ወይም ፈዘዝ ያለ ጸጉር ካለበት ሲያድግ የመከፈቱ ዕድል ሰፊ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ትንሽ ነጥብ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ በብዙ የቤንጋል ግልገሎች ላይ የመሸፈኛ ጸጉር መውጣት ይጀምራል። ይህ ረጅም፣ ግራጫማና ሻካራ ጸጉር በአጭሩ ጸጉር መካከል እየበቀለ ነጥቡን እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል። የዝርያው የዱር ቅድመ አያት የሆነችው የእስያ ነብር መሰል ድመት ግልገሎቿ በሣርና በቅጠል መካከል እንዳይለዩ የሚያግዝ መሸፈኛ እንደሆነ ይታመናል። በጣም የሚበረታው ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ከአሥረኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ድረስ ቀስ በቀስ ይረግፋል። መርገፉ የሚጀምርበት ቦታ ከግልገል ግልገል ይለያያል፤ እስከ ስድስተኛ ወሩና ከዚያም በላይ የሚቆይበትም አለ። በሌላ በኩል ይህ ወቅት ሳይታወቅ የሚያልፍባቸው ግልገሎችም አሉ፤ በእኔ እምነት ግን አርቢው ይህን ብቻ ዋና መምረጫ ማድረግ የለበትም፤ በመሸፈኛ ጸጉር ውስጥ ክፉኛ የተደበቀ ግልገል ኋላ ከወንድሞቹ ሁሉ የጠራ ሆኖ ሊወጣ ይችላልና።

በዚህ ወቅት መመዘን ግድ ከሆነ አንድ ጠቃሚ ዘዴ አለ። እጅዎን ለብ ባለ ውሃ በትንሹ አርጥበው የግልገሉን ጎን ከአንገት ወደ ጅራት በቀስታ ይዳብሱ። ረጅሙ ጸጉር ሲተኛ ከሥሩ ያለው ነጥብ ለጥቂት ጊዜ ይገለጣል። ከዚያ ወዲያው ፎቶግራፍ ያንሡና ግልገሉን በደረቅ ጨርቅ አድርቀው ወደ እናቱ ይመልሱት፤ እርጥብ ግልገል ቶሎ ይበርደዋል። ከዚህ በተጨማሪ ሆዱንና የእግሮቹን የውስጥ ክፍል ይመልከቱ። እዚያ የመሸፈኛው ጸጉር ስለሚሳሳ የነጥቡ ጥቁረትና የመደቡ ብሩህነት ከጎኑ ቀድሞ ይታወቃል፤ የቤንጋል መመዘኛም ሆዱ ነጥብ ያለበት እንዲሆን ይፈልጋል።

ከአራተኛው ወር በኋላ ያለው ለውጥ ለተመልካች እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። መደቡ ይሞቃል፣ ቢጫውና ቀይማው ቀለም ይጎላል፣ የነጥቡ ጠርዝ ይጠራል፣ ሮዜት የሚሆኑት ነጥቦችም መካከላቸው መከፈት ይጀምራል። ሮዜት ማለት ጠርዙ ጥቁር፣ መካከሉ ከመደቡ የጠቆረ ነገር ግን ከጠርዙ የፈዘዘ፣ በዚህም ባለ ሁለት ቀለም የሆነ ምልክት ነው። አንዳንዱ እንደ ቀስት ጫፍ፣ አንዳንዱ እንደ መዳፍ አሻራ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሙሉ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። የምልክቱ ቦታ ያው ነው፤ የሚለወጠው በምልክቱ ውስጥ ያለው የቀለም ክፍፍል ነው። ይህ መከፈት እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም አልፎ ስለሚቀጥል የአንድን ቤንጋል የመጨረሻ መልክ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ለእርባታ ወላጅ የሚመርጥ ሰው በስድስት ወር ዕድሜ የተነሣን ፎቶግራፍ ተመልክቶ ከመወሰን ይልቅ ድመቱን በሁለት ዓመቱ ቢያየው፣ ካልሆነም የወላጆቹን የጉልምስና መልክ ቢመለከት እጅግ የተሻለ ነው።

በተለየ መንገድ የሚያድጉ ግልገሎች

ስኖው የሚባሉት ነጫጭ ቤንጋሎች ከላይ የተባለውን የጊዜ ቅደም ተከተል አይከተሉም። እነዚህ ድመቶች ሜላኒንን የሚሠራው ኢንዛይም በሙቀት የሚደክምባቸው ናቸው፤ በድመት መደበኛ የሰውነት ሙቀት፣ ማለትም ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ሥራው ይቀንሳል፣ ቀዝቀዝ ባሉት በጆሮ፣ በፊት፣ በእግርና በጅራት ላይ ግን ይበረታል። ማህፀን ሞቃት ስለሆነ ከሦስቱ ዓይነቶች ሊንክስ ፖይንት የሚባለው ነጭ ወይም ነጭ ለመባል ጥቂት የቀረው ሆኖ ይወለዳል፣ ነጥቡም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ሴፒያና ሚንክ የሚባሉት ግን ከልደታቸው ጀምሮ ፈዛዛ ነጥብ ይታይባቸዋል። ሦስቱን ለመለየት ከጸጉሩ ይልቅ ዓይን ይረዳል፦ የሊንክስ ፖይንት ዓይን ዕድሜውን በሙሉ ሰማያዊ ነው፣ የሚንክ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ያደላል፣ የሴፒያው ደግሞ አረንጓዴ ወይም ወርቃማ ይሆናል። ሆኖም የሁሉም ግልገሎች ዓይን ሲገለጥ ሰማያዊ ስለሆነ ይህን መለያ ለመጠቀም ቢያንስ ሁለት ወር መታገሥ ያስፈልጋል። ስኖው ግልገል በነጥቡ ፍዘት ቶሎ አይፈረድበት፤ ከወር ወደ ወር እየጠቆረ የሚሄድ ነው። ችግሩ መደቡም አብሮ ሊጠቁር መቻሉ ነው፣ ስለዚህ በወጣትነቱ ብሩህ መደብ ያለውን መምረጥ ይመከራል።

ብርማ ግልገሎች ላይ ደግሞ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ነገር ቢጫማ ጥላ ነው። የብርማው ጂን ቢጫውን ሜላኒን ሙሉ በሙሉ ሳያግድ ሲቀር በአፍንጫ ዙሪያ፣ በመዳፍና በጎን ላይ ዝገት የመሰለ ቀለም ይወጣል። የብርማው ጂን ገዢ፣ ማለትም አንድ ቅጂው ብቻ ቢወረስ የሚገለጥ ስለሆነ እውነተኛ ብርማ ግልገል ከሁለቱ ወላጆቹ ቢያንስ አንዱ ብርማ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ብርማ ካልሆኑ ግልገሉ ብርማ ሳይሆን መደቡ የቀዘቀዘ ቡናማ ነው።

ከብርማነት ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ አንድ ጊዜያዊ ክስተት አለ። እናቲቱ በእርግዝና ወቅት ትኩሳት ወይም ብርቱ ሕመም ገጥሟት ከሆነ የግልገሎቹ ጸጉር ጫፍ ቀለም ሳይዝ ሊቀርና ግራጫ ወይም ብርማ መስሎ ሊወለድ ይችላል። ይህ የትኩሳት ጸጉር ከዘር የሚመጣ አይደለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጸጉሩ ሲተካ እውነተኛው ቀለም ይወጣል። እንዲህ ያለ ግልገል ሲያጋጥም የእናቲቱን የጤና ማስታወሻ ከግልገሉ መዝገብ ጋር ማያያዝ ኋላ ከሚመጣ ውዝግብ ያድናል።

ቻርኮል የሚባለው ቤንጋል በፊቱ ላይ ጠቆር ያለ ጭምብል፣ በጀርባው ላይም ካባ የመሰለ ሰፊ ጥቁረት ይዞ ይታያል። ይህ መልክ የሚገኘው ግልገሉ ከአንዱ ወላጅ የዱሯን ድመት የአጉቲ ቅጂ፣ ከሌላው ደግሞ የማይሠራውን የአጉቲ ቅጂ ሲወርስ ነው። ሁለቱም ቅጂዎች የማይሠሩ ከሆኑ ግን ድመቱ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል፤ ያን ጊዜም ንድፉ በቆዳው ላይ ስላለ በፀሐይ ብርሃን ከጎን ሲያዩት ነጥቡ በጥቁር ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የግብጽ ማው የተባለው ዝርያ ጭስማ ቀለምም የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ በእርሱ ላይ ብርማው ጂን የጸጉሩን ሥር ነጭ ስለሚያደርገው ነጥቡ ጎልቶ መታየቱ ነው።

እያንዳንዱ ዝርያ የሚመዘነው በራሱ ሚዛን ነው

አንድን ነጥብ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» ከማለት በፊት የዝርያውን መመዘኛ መያዝ ይገባል፤ በአንዱ ዝርያ የሚመሰገነው በሌላው ሊያስቀጣ ይችላል። በቤንጋል የሚፈለገው በዘፈቀደ የተበተነ ወይም ከትከሻ ወደ ጭን አግድም የሚፈስስ ምልክት ሲሆን፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ያስነቅፋል። በግብጽ ማው ነጥቡ በዘፈቀደ የተበተነ፣ የተለያየ መጠን ያለው፣ ግን ከመደቡ ጋር በግልጽ የሚለይ መሆን አለበት፤ የግራና የቀኝ ጎን ነጥቦች መመሳሰል አይጠበቅባቸውም። በጉንጩ ላይ እንደ ኩል የተሳቡ መስመሮች ይፈለጋሉ፣ የጎመራ አረንጓዴ ዓይንም እንዲሁ፤ ዓይኑ እስኪበስል ድረስ ግን እስከ 18 ወር ያለ ድመት ቢጫማ ጥላ ቢኖርበት ይታለፍለታል። በኦሲካት በአከርካሪው ላይ የተደረደሩ ነጥቦች፣ በጎኑም ላይ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ሌሎች ነጥቦች የከበቡበት አሰዳደር ይታያል፤ ሮዜት አይፈለግበትም። ሳቫና የሚባለው፣ ሰርቫል ከተባለው የአፍሪካ የዱር ድመት የተገኘው ዝርያ ደግሞ ድፍን ጥቁር ነጥብ ይወዳል።

በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ የሚመዝኑ ሰዎች ዓይን ይለያያል። በቤንጋል ዘንድ ዛሬ ትልቅና የተከፈተ ሮዜት በጣም ይፈለጋል። እኔ ግን ጥርት ያለ፣ በሥርዓት የፈሰሰ ትንሽ ነጥብ ያለው ድመት ተጎዳድሎ ከተቀመጠ ትልቅ ሮዜት ይልቅ እንደሚበልጥ አምናለሁ፤ መመዘኛውም ሁለቱንም ይቀበላል።

መዝገብ አያያዝ

ክትትሉ ፍሬ የሚያፈራው በመዝገብ ሲታገዝ ብቻ ነው፣ የሰው ትዝታ የቀለምን ለውጥ አይዝምና። እያንዳንዱን ግልገል ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት በየሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ አንድ ዓመት በየወሩ፣ በመጨረሻም በ18ኛውና በ24ኛው ወር ፎቶግራፍ ያንሡ። ሁልጊዜም በአንድ ቦታ፣ በመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ ላይ አድርገው ያንሡ፤ ፍላሽ የጸጉሩን ጫፍ አንጸባርቆ ነጥቡን ያደበዝዛል፣ የቤት መብራት ደግሞ መደቡን ካለው በላይ ያሞቀዋል። ጨርቁ በሁሉም ፎቶግራፎች ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ የብርሃን ልዩነት ቢፈጠር እንኳ በጨርቁ ቀለም ይታወቃል። የግራውን ጎን፣ የቀኙን ጎን፣ ጀርባውን ከላይ፣ ሆዱን፣ ፊቱንና የጅራቱን ጫፍ ለየብቻ ያንሡ።

ከፎቶግራፉ ጎን የሚጻፈው ማስታወሻ ረጅም መሆን የለበትም፤ የመሸፈኛው ጸጉር የታየበትና የረገፈበት ሳምንት፣ የዓይኑ ቀለም፣ የመዳፉ ቀለም፣ በመደቡ ላይ የታየ ዝገት መሰል ጥላ፣ የእናቲቱ ጤና በእርግዝና ጊዜ ቢመዘገብ ይበቃል። የሁለትና የሦስት ትውልድ መዝገብ ሲጠራቀም አርቢው በራሱ መስመር ግልገሎች መቼ እንደሚጠሩ በጥሩ ግምት መናገር ይጀምራል፤ ይህ ዕውቀት ከየትኛውም አጠቃላይ ሠንጠረዥ ይበልጣል። ገዢም የሁለቱን ወላጆች የግልገልነትና የጉልምስና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንዲያሳዩት ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ መዝገብ የያዘ አርቢ ይህን በደስታ ያሳያል።

የማይጠበቁ ቀለሞች ከየት ይመጣሉ

ቸኮሌት፣ ቀረፋማ፣ ፈዛዛና ስኖው ቀለሞች ድብቅ በሆኑ፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሱ በማይገለጡ ቅጂዎች የሚተላለፉ ስለሆኑ ትውልድ ዘልለው ብቅ ይላሉ። ሁለት ቡናማ ቤንጋሎች እያንዳንዳቸው አንድ የስኖው ቅጂ ይዘው ከተዳቀሉ ከእያንዳንዱ ግልገል ስኖው የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ይህ ዕድል ለእያንዳንዱ ግልገል ለየብቻው የሚቆጠር ስለሆነ፣ ከአራት ግልገሎች አንዱ የግድ ስኖው ይሆናል ማለት አይደለም።

የኦሲካት አመጣጥ ራሱ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በሚሺጋን የምትኖረው አርቢ ቨርጂኒያ ዴሊ የሲያሜዝንና የአቢሲኒያን ዝርያ አዳቅላ፣ የተወለደችውን ሴት እንደገና ከሲያሜዝ ጋር ስታዳቅል ከግልገሎቹ መካከል መደቡ የዝሆን ጥርስ የመሰለ፣ ነጥቡ ወርቃማ የሆነ አንድ ግልገል ተገኘ፤ ስሙም ቶንጋ ተባለ። የአቢሲኒያ ዝርያ በገላው ላይ ነጥብ የማይታይበት የዲኬኬ 4 ለውጥ ከሥር ያለውን ንድፍ ስለሚያጠፋው ነው። ይህን ለውጥ ያልወረሰ ግልገል ነጥቡን ያወጣል። ዴሊ ነጥብ ፈልጋ አልነበረም ያዳቀለችው፤ በወላጆቹ ያልታየው ሁሉ በልጁ ላይ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። የቤንጋል አርቢ ጂን ሚል ደግሞ የዱሯን ድመት ከቤት ድመት ጋር መጀመሪያ ያዳቀለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ሲሆን፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኒው ዴልሂ ያመጣችው ነጠብጣብ ድመት የብዙ ቤንጋሎችን ጸጉር በፀሐይ የሚያብለጨልጨውን ባሕርይ ወደ ዝርያው አስገብቷል። ይህም ብልጭታ ድብቅ ስለሆነ ከሁለቱም ወላጆች መውረስ አለበት።

የዘረ መል ምርመራ አጉቲን፣ መሠረታዊውን ቀለም፣ ፍዘትንና ስኖውን በትክክል ያሳያል። የነጥቡን ውበት፣ አሰዳደሩንና የመደቡን ሙቀት ግን አይናገርም፤ ለዚያ ያለው መንገድ ወላጆችን በጉልምስናቸው ማየትና መዝገቡን ማመሳከር ብቻ ነው።

ከጉልምስና በኋላ የሚታዩ ለውጦች

ያደገ ድመት ጸጉሩን በየወቅቱ ስለሚቀይር ነጥቡ ከመርገፉ በፊት ደብዘዝ፣ አዲሱ ከወጣ በኋላ ጥርት ይላል። ለረጅም ሰዓት ፀሐይ የሚሞቅ ድመት ጥቁር ነጥቡ ወደ ቀይማ ቡናማ ሊያደላ ይችላል። ፀሐይ ሳያገኘው ጥቁሩ ከቀላ ግን ምግቡን መመርመር ያስፈልጋል፤ ድመት ጥቁር ሜላኒን ለመሥራት ታይሮሲንና ፌኒልአላኒን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች በቂ አድርጎ ማግኘት አለበት፣ የሚፈልገውም መጠን ለዕድገት ብቻ ከሚያስፈልገው ይበልጣል። ስለዚህ ጤናማ መስሎ እያደገ ያለ ግልገል እንኳ ጥቁሩ ሊቀላበት ይችላል። የመዳብ እጥረትም ጸጉርን ያፈዝዛል። ጸጉሩ በአንድ ቦታ ቢመለጥ፣ ቆዳው ቢቀላ ወይም ቢቆስል ግን ጉዳዩ የቀለም ሳይሆን የጤና ነውና ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል።

ስኖው ድመት ለቀዶ ሕክምና ጸጉሩ በተላጨበት ቦታ ቆዳው ስለሚቀዘቅዝ አዲሱ ጸጉር ከአካባቢው ጠቆር ብሎ ሊበቅል ይችላል። ይህ ቋሚ ምልክት አይደለም፤ ጸጉሩ በሚቀጥለው ወቅት ሲቀየር ቀድሞ ወደነበረው ቀለም ይመለሳል፤ ለትርኢት የሚቀርብ ድመት ከሆነም እስከዚያ ድረስ ከውድድር ማቆየት ይበቃል።